እህቴ፣ ስንት ነው?

ሰው ልቡ የሚሰበርበትን ቀን አስቀድሞ ቢያውቅ ቢያንስ ፀጉሩን አበጥሮ ይጠብቀው ነበር። የኔነሽ ግን ከየት ትወቀው? በዚያ የኅዳር ገበያ ቀን ጠዋት ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ፣ ከባሕር ዳር የመጣላትን ቦንዳ ፈትታ ሹራብ ከሹራብ ትለያለች። የንፋስ መውጫ ከተማን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ስሙን ያወጡት ሰዎች አልቀለዱም፤ በኅዳር ጠዋት ነፋሱ ጋቢውንም ኮቱንም አልፎ አጥንት ድረስ ይገባል።

የኔነሽ ልባሽ ነጋዴ ናት። ፈረንጅ ለብሶ የተወውን፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣውን ልብስ ገዝታ፣ አጥባ፣ ሰፍታ መልሳ ትሸጣለች። ከጎኗ የተደረደሩት ነጋዴዎች ዓይናቸው የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ነው። ጎረቤቷ ካሣነሽ ለምሳሌ ከቦንዳ ውስጥ አንድ የሠርግ ቀሚስ ካገኘች ቀኑን ሙሉ ስታወዛውዘው ትውላለች። የኔነሽ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። እሷ የምትይዘው የዘወትር ልብስ ነው፤ ሹራብ፣ ካናቴራ፣ ወፍራም ሱሪ፣ የልጆች ቱታ፣ ካልሲ። ካሣነሽ ስትስቅባት፣ ሰው ሠርግ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው፣ የሚበርደው ግን በየቀኑ ነው ትላታለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪ ሹራብ፣ አጨዳ ሲደርስ ጉልበቱ ቶሎ የማይበሳ ሱሪ፣ ክረምት ሲቃረብ ዝናብ የሚችል ጃኬት አስቀድማ ታስገባለች። ዚፑ የሚነክስ፣ ብብቱ የሳሳ፣ ቁልፉ የጎደለ ልብስ እሷ መደብ ላይ አይወጣም። ገበሬውም አስተማሪውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ እንኳ እሷ ዘንድ ሰው አይጠፋም።

ሰው የሚጠፋው ከቤቷ ነው። እናቷ የሞተችው የኔነሽ ገና ነፍስ ሳታውቅ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከተማ ያሳደገቻት አክስቷም ስታርፍባት ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ትታ ወደዚህ ከተማ መጣች። አሁን አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በዓል ሲሆን የጎረቤቶቿ በር ሲንኳኳ ትሰማለች፤ የሷን የሚያንኳኳ የለም። ታማ ስትተኛ ምን ሆና ቀረች ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ እንጂ ዘመድ አልነበራትም። ይህን ያህል ትልቅ ሴት ሆና እናት ያምራት ነበር። አላፈረችበትም፣ ለማንም ግን አልተናገረችውም።

እንዲህ እያለች ነው ይርጋ የመጣው። ይርጋ የስማዳ ልጅ ነው፤ ሕግ ተመርቆ እዚሁ ከተማ ሥራ የያዘ፣ ሽማግሌው ሳይቀር አቶ ይርጋ ብሎ ተነሥቶ የሚቀበለው ወጣት። መጀመሪያ በርዶት ሹራብ ፍለጋ መጣ። ቀጥሎ ሳይበርደውም መጣ። ሹራብ እያነሣ ይጥላል፣ የሚያየው ግን ሹራቡን አይደለም። እሷም ይህን ከማንም ቀድማ ያወቀች ሴት ናት፤ ደንበኛ ዓይኑ የት እንዳረፈ ካላወቀች ምኑን ነገደች? ከዚያ ወዲህ ቦንዳ በተፈታ ቁጥር ለትከሻው የሚሆን ሸሚዝ ካገኘች ሌላ ሰው ሳያየው ለብቻው ታስቀምጥለታለች። ያንን ለብሶ ከባልደረቦቹ ጋር በመደቧ ፊት ሲያልፍ ከሩቅ ታየዋለች፣ ደስም ይላታል። አትጠራውም፣ እሱም ዞር አይልም። ሲመሽ ይደውልና ስሟን ለሁለት ከፍሎ «የኔ... ነሽ» ይላታል። ቀን ሳይዞር ማለፉን በዚያች ቃል ትረሳዋለች።

ቀን ለምን እንደማያውቃት ነግሯታል። እናቱ የቄስ ሚስት ናት፤ ልባሽን የሬሳ ልብስ ነው የምትለው፤ ከሬሳ ልብስ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ቤቷ አታስገባም። ወሬው ሳይደርሳት ቀስ ብዬ ላለማምዳት፣ ትንሽ ታገሽኝ ይላታል። የኔነሽ አመነችው። ለምን አታምነው? መደቧ አጠገብ ሲደርሱ የሚያማትቡ ሴቶች በዓይኗ አይታለች። እናም ያቺን የማታውቃትን ሴት በጣም ትፈራታለች፤ ደግሞ ትመኛታለች። አንዳንዴ ሌሊቱን ሳይሆን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ገበያ መሐል ቆማ፣ እኚያ ሴት አንድ ቀን ልጄ ቢሉኝ ብላ ታስባለች። ሥራውን ልተወው እንዴ ያለችበት ጊዜም ነበር፤ ግን ሌላ ምን ታውቃለች?

በዚያ የኅዳር ገበያ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት አሮጊት የመደቧን ቋሚ ይዘው ቆሙ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ነጠላቸው ነፋሱን አልቻለም፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። የኔነሽ ደግፋ ያልተፈታ ቦንዳ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጅጋየሁ እባላለሁ አሏት፤ ከገጠር የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው፤ ልጃቸው መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ እዚህ ቁሚ ብሏቸው ነበር፣ ነፋሱ ግን መቆሚያ ነሳቸው።

የኔነሽ ክምሩ ውስጥ ገባች። በአናት የሚጠለቀው ሹራብ ፋሻውን ይነካባቸዋል፤ ስለዚህ ከፊት የሚቆለፍ ወፍራም የሱፍ ሹራብ መርጣ አወጣች። ራሷ አለበሰቻቸው። ክንዳቸውን ተራ በተራ አስገብታ ከታች ጀምራ እስከ አንገታቸው ቆለፈችው። እማማ እጅጋየሁ ሹራቡን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ልባሽ ነው?» አሏት።

የኔነሽ ብዙ ደንበኛ በዚህ ጥያቄ ላይ ሹራቡን አውልቆ ሲሄድ አይታለች። «አዎ እናቴ፣ ልባሽ ነው። ግን አጥቤዋለሁ» አለች።

«እሰይ፤ ልባሽ ከሆነማ ይበረታል» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ጨዋታ ጀመሩ። በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ልብስ ሲታደል አንድ የፈረንጅ ሹራብ ደርሷቸው ነበር። የበኩር ልጃቸውን በሱ ጠቅልለው ነው ከሞት ያተረፉት። የማን ነበር ብለው አልጠየቁም። ባለቤቱ ሞቶም ከሆነ ነፍሱን ይማር፣ በሕይወት ካለም ዕድሜ ይስጠው እያሉ ዛሬም ድረስ በጸሎታቸው ያነሡታል።

የኔነሽ ይህን ስትሰማ ምን እንደሆነች አታውቅም፤ ቁልፉን ደህና አድርጋ ቆልፋው ሳለች እንደገና ነካካችው። አሮጊቷ ስሟን ጠየቋት። የኔነሽ አለቻቸው።

«ማን አወጣልሽ?»

«እናቴ። እሷ እንኳ ሞታለች።»

እማማ እጅጋየሁ እጃቸውን ዘርግተው ራሷን አገኙና ሻሿ ላይ አሳረፉት። «አይ የኔ ልጅ» አሉ። ቀጥለው ክንዷን ያዝ ሲያደርጉ ስስ ካናቴራ ብቻ መልበሷን አወቁ፣ ተቆጧትም። «ይህን ሁሉ ሹራብ ከምረሽ አንቺ ባዶሽን ነሽ እንዴ? በይ ደርቢ። አሁኑኑ፣ እዚሁ እያየሁሽ ደርቢ።»

ስንት ክረምት ሹራብ ስትሸጥ ኖራ፣ ደርቢ ያላት ሰው አልነበረም። የኔነሽ ከክምሩ አንዱን አንሥታ ለበሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ደግነቱ አሮጊቷ ደህና አያዩም። ከየትኛው ገጠር እንደሆኑ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት «ይኸው ልጄ መጣ» አሉ።

ቀና አለች። የመድኃኒት ፌስታል የያዘው ይርጋ ነው።

በዚያች ቅጽበት የኔነሽ ውስጥ ያለፈውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ ሁሉ ፍርሃት ለካ ይህቺ ሴት ነበረች! ያቺ የምታማትበው፣ ያቺ ቤቷ የማታስገባው፣ የሷን ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ ቦንዳዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጄ ብላታለች። ከእንግዲህ ምን ቀረ? ፈገግታዋ ሳታዝዘው ወጣ። ስሙን ልትጠራ ከንፈሯ ተላቀቀ። ይርጋም አያት። መጀመሪያ ዓይኑ በራ፣ በእርግጥ በርቷል፣ አይታዋለች። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ቃኘ። ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ዓይኑ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደና እናቱ የለበሱት ሹራብ ላይ ዐረፈ።

«እህቴ፣ ስንት ነው?» አላት።

ገበያ ውስጥ ሁሉም ዘመድ ነው። ገዢው እህቴ ይላል፣ ሻጯ ወንድሜ ትላለች፣ ሽማግሌው አባቴ ነው፣ አሮጊቷ እናቴ ናት። ማንም ማንንም ስለማያውቅ ነው እንዲህ የሚጠራራው። የኔነሽ ይህን ቃል በየቀኑ ስትሰማው ትውላለች፤ አንድም ቀን አላመማትም። ዛሬ ግን ቢሰድባት ይሻላት ነበር። የሚሳደብ ሰው ቢያንስ የሚሰድበውን ያውቀዋል።

ዋጋውን ነገረችው። ለማንም መንገደኛ የምትናገረውን ዋጋ፣ ሳትቀንስ። ይርጋ ሳይከራከር ከፈለ። እናቱ፣ ምነው አንተ ልጅ፣ ገበያ አታውቅም እንዴ፣ ትንሽ እንኳ አትከራከርም ብለው ተቆጡት። ክንዳቸውን ይዞ ሲወስዳቸው ወደ ኋላ ዞረው፣ ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያሉ ሄዱ። እሱ አልዞረም።

ካሣነሽ ከጎን ሁሉን አይታለች። ይህ ሰው ቀን ቀን ዓይኑ ይታወራል እንዴ እያለች ስትነዘንዛት የኖረች ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን አንድ ቃል አልወጣትም። መጥታ የየኔነሽን ደንበኞች አስተናገደችላት። የኔነሽ ከክምሩ ኋላ ተቀምጣ ካልሲ ታጣምር ነበር። አንዱ ከአንዱ አልገጥም አላት። ሲመሽ ስልኳ ጮኸ፣ ደጋግሞም ጮኸ። አላነሣችውም፤ ዝም ሲል ደግሞ ለምን ዝም አለ ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ይርጋ መደቧ ፊት ቆመ። በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየው። ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ነው። እናቱ ማታውን ሙሉ ስለሷ ሲያወሩ እንዳመሹ ነገራት። እንዲህ ያለች ልጅ የሰው አገር ላይ ብቻዋን መሆኗ እያሉ ሲቆጩ ነበር። ልባሽ መሆኑንም አውቀው አልከፋቸውም። ይርጋ ዛሬውኑ ሊነግራቸው ነው፤ ከገና በፊት ሽማግሌ ይልካል። የፈራነው ሁሉ አለፈ አላት።

የኔነሽ ይህን ቃል ስንት ጊዜ በልቧ ሰምታዋለች! እሺ ለማለት ምንም አልቀራትም ነበር። እጇ ሳይቀር ሹራቡን ለቅቆ ወደሱ ሄዷል። ከዚያ አንድ ነገር መጣባት።

«እስከ ትናንት ድረስ ስለ እኔ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ይርጋ እንደሱ አይደለም፣ እናቴን ስለማውቃት ነው ምናምን ብሎ ጀመረና አልቆመለትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጠይቁት መዋሸት አልሆነለትም።

«አልጠየቅኋትም» አለ።

«ታዲያ የሬሳ ልብስ ያሉት ማን ናቸው?»

ነፋሱ የተሰቀሉትን ሱሪዎች ያንቀሳቅሳል። ካሣነሽ ከጎን ሆና እንዳልሰማች ልብስ ታጥፋለች።

«ፈራሁ» አለ ይርጋ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እሷን ነው የምፈራው እያልኩ ራሴን አሳመንኩት እንጂ... ሰውን ነው የፈራሁት። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ። ይቅር በይኝ። አሁን ግን እኮ ሁሉም ነገር ተስተካከለ፣ የኔነሽ።»

ቀን፣ ሰው ፊት፣ ስሟን ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዴት እንደሚጣፍጥ! የኔነሽ ቆም ብላ አጣጣመችው፤ ከዚያ መለሰችለት።

«ሰው የክት ልብስ አለው፣ የዘወትር ልብስ አለው። የክቱን ለብሶ አደባባይ ይወጣል፣ የዘወትሩን ቤት ሲገባ ይለብሰዋል። እኔ የዘወትር ልብስ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ አልናቅሁትም። ብርድ የሚከለክለው እሱ ነው። አንተ ግን ሲበርድህ ስትለብሰኝ ቆይተህ ሰው ሲመጣ አውልቀህ ደበቅኸኝ። እናትህ ሳያውቁኝ ልጄ አሉኝ። አንተ እያወቅኸኝ እህቴ አልከኝ። እሳቸው ጠልተውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ትመጣ ነበር?»

ይርጋ እመጣ ነበር ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣውም። ለመናት፤ ጊዜ ስጪኝ፣ እክስሻለሁ፣ ልጅነት ነው አላት። የኔነሽ ራሷን ወዘወዘች። ሂድ አላለችውም፣ ሹራቦቿን መደርደር ነው የጀመረችው። ብዙ ቆሞ ሄደ። ሲሄድ አላየችውም፤ ማየቱን እንደማትችለው ታውቃለች። ልክ ሠራሁ የሚል ስሜት ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው ብርድ ብቻ ነው።

ቀትር ሲቃረብ ወደ ስማዳ የሚሄደው የወገዳ አውቶቡስ ሊነሣ ጡሩንባውን ይነፋል። እማማ እጅጋየሁ የልጃቸውን ክንድ ይዘው በገበያው መሐል ብቅ አሉ። መንገዳቸው በዚህ አልነበረም። ያቺን ልጅ ሳልሰናበት አልሄድም ብለው ይዘውት መጥተዋል። ይርጋ ሻንጣቸውን እንደያዘ ራቅ ብሎ ቆመ። ለሳቸው ምንም እንዳልነገራቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

አሮጊቷ ደርባ እንደሆነ መጀመሪያ እጅጌዋን ዳሰሱ፤ ደርባለች። አቀፏት። የኔነሽ ያን ሹራብ ለብሰው በሚሞቅ ደረታቸው ላይ ፊቷን አስጠጋች፣ አንዴ ብቻ። አሮጊቷ ምርቃቱን ጀመሩ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽ አይጠር፣ ሰው አያሳጣሽ እያሉ። የኔነሽ በየመሐሉ አሜን ትላለች። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይርጋ የሚሰማው ርቀት ላይ ነው፣ እሳቸው ግን የማይሰማ መስሏቸዋል።

«ይህ ልጄ ብቻውን ቀረብኝ» አሉ። «ከተማ ላይ ማንን ሊያመጣብኝ እንደሆነ እንጃ። እንዳንቺ ያለችውን ይስጥልኝ።»

የኔነሽ ይርጋን አየችው። ጠዋት ያለችውን ሁሉ ረሳች። ክብር አላለች፣ ቂም አላለች። አሁን፣ በዚህች ትንፋሽ፣ እማ፣ ይህቺ እኮ ናት ቢል ሁሉንም ትተወዋለች፤ እዚያው እግራቸው ሥር ትወድቃለች። ይናገር፣ ይናገር አለች በልቧ። እሱም አያት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። እምቢ ስላለችው መብት የለኝም ብሎ ይሆናል፣ ወይም ያው ፍርሃቱ ይሆናል፤ እሱ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

«እማ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» አለ።

አሮጊቷ ግን ምርቃታቸው ሳይታሰር ንቅንቅ አይሉም። የኔነሽን እጅ ጠበቅ አደረጉት።

«አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።»

«አሜን፣ እናቴ» አለች የኔነሽ።

አውቶቡሱ ሲነሣ አቧራው ገበያው ድረስ መጣ። የኔነሽ ይርጋን እንደምትረሳው ታውቃለች። ጊዜ ይፈጅባታል፣ ያማታል፣ ግን ትረሳዋለች። ያለቀሰችው ለሳቸው ነው። አንዲት እናት አግኝታ ነበር፣ ተሳፍረው ሄዱ። የሷም እናት ሊሆኑ እንደነበር እንኳ ሳያውቁ ሄዱ።

ካሣነሽ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ለይርጋ የምታለቅስ መስሏት፣ ይቅርብሽ እቴ፣ ወንድ ሞልቷል አለቻት። የኔነሽ አላረመቻትም።